ሜኑ የሌለው እራት፦ ስለ ጃፓን ርዮካን ለቀረበ ትችት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ የአገራችን ተጓዥ ከጃፓን ተመልሰው ስለ ርዮካን የጻፉትን ረጅም ትችት ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ርዮካን ማለት ታታሚ የተባለ የሣር ምንጣፍ በተነጠፈበት ክፍል አድረው፣ ፍል ውሃ ታጥበው፣ እራትና ቁርስ በልተው የሚወጡበት የጃፓን ባህላዊ የእንግዳ ማደሪያ ነው። ጸሐፊው በነሐሴ ወር ሁለት ሌሊት አድረዋል፤ አንዱን በባሕር አቅራቢያ ባለችው ኪኖሳኪ፣ ሌላውን በተራራ መካከል በቆመ ትልቅ ባለ ብዙ ፎቅ ማደሪያ። ከዚያም ዋጋው ዝርፊያ፣ ምግቡ የትም ቢሄዱ አንድ ዓይነት፣ መጠኑ የማያጠግብ፣ ለጾመኛም ለሙስሊምም የማይሆን፣ ሰዓቱ የእስር ቤት፣ ጠቅላላ ነገሩም ለቱሪስት የተዘጋጀ ትርኢት ነው ሲሉ ደመደሙ።

እኔ ለትምህርት ካናዛዋ ከተማ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። ከስኮላርሺፕ ገንዘቤ እየቆጠብሁ በየወቅቱ አንድ ሌሊት ርዮካን ማደር ልማዴ ነበር። ትችቱን አንብቦ ጉዞውን የሚሰርዝ ሰው እንዳይኖር ስለምሰጋ፣ ያሉትን በየተራ እመልሳለሁ። ትክክል ያሉበትንም አልደብቅም።

ከዋጋው ልጀምር። ጸሐፊው ለአንድ ሌሊት 28 ሺህ የን መክፈላቸውንና ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለ ሆቴል ግን 8 ሺህ የን እንደነበር ጽፈዋል። ሁለቱ ቁጥሮች አንድን ነገር አይለኩም። የሆቴሉ የአልጋ ዋጋ ነው። የርዮካኑ ጃፓናውያን «ኢፓኩ ኒሾኩ» የሚሉት፣ ማለትም አንድ አዳርና ሁለት ማዕድ ነው፤ የሚታሰበውም በክፍል ሳይሆን በሰው ነው። አሥር ዓይነት ገደማ እየተከታተለ የሚቀርብበት እራት፣ ዓሣና ሩዝ ያለበት ሙሉ ቁርስ፣ ሌሊትም ጠዋትም የሚገቡበት ፍል ውሃ ውስጡ አለ። እንዲህ ያለውን እራት ብቻውን ኪዮቶ ውስጥ ጥሩ ምግብ ቤት ገብቶ የበላ ሰው ስሌቱን ያውቀዋል።

ርዮካን ሁሉ ውድ ነው መባሉም ልክ አይደለም። ጃፓን ውስጥ «ቶጂ» የሚባል ልማድ አለ። ገበሬው አዝመራውን ከሰበሰበ በኋላ ሩዙንና ሚሶውን (ከአኩሪ አተር የሚብላላ ሊጥ) ተሸክሞ ወደ ፍል ውሃ ይሄድና፣ ራሱ እያበሰለ አንድ ሁለት ሳምንት ገላውን ያሳርፋል። የእኛ ሰው ጠበል ቦታ ስንቁን ይዞ እንደሚሰነብተው ማለት ነው። በሰሜን ጃፓን ለዚህ የሚሆኑ ክፍሎች ያሏቸው ማደሪያዎች ዛሬም አሉ። በደቡብም ቤፑ ከተማ ካናዋ የሚባለው ሰፈር አለ፤ እዚያ እንፋሎቱ ከመሬት እየፈላ ይወጣል። እንግዳው ስኳር ድንቹን፣ ጎመኑንና እንቁላሉን በወንፊት መሳይ ቅርጫት አድርጎ በእንፋሎቱ ጉድጓድ ያስቀምጠዋል። «ጂጎኩ ሙሺ» ይሉታል፤ በገሃነም እንፋሎት የበሰለ እንደማለት ነው። እኔ እዚያ ሁለት ሌሊት ያደርሁት ጸሐፊው ከጠቀሱት የጣቢያ ሆቴል ባነሰ ዋጋ ነው። የዚያ ስኳር ድንች ጣዕም እስካሁን አፌ ላይ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ማለትም «አንዱን ርዮካን የቀመሰ ሁሉንም ቀመሰ፤ ጥሬ ዓሣ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ቴምፑራ፣ በቃ» ወደሚለው እመጣለሁ። እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ እውነት እሰጣቸዋለሁ። ተራራ ላይ አድረው የባሕር ቱና ጥሬውን ቀርቦላቸው ከሆነ መቀየማቸው ተገቢ ነው። ይህን ጃፓናውያን ራሳቸው ሲተቹት ኖረዋል። ኢኮኖሚው ባበበባቸው ዓመታት ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸውን በአውቶቡስ ጭነው ለሽርሽር ይወስዱ ነበር፤ ለእነሱ ሲባል ግዙፍ የኮንክሪት ማደሪያዎች ተሠሩ፣ ለመቶዎች በአንድ ጊዜ የሚቀርብ ተመሳሳይ ምግብም ተለመደ። በ1980ዎቹ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከ80 ሺህ በላይ የነበሩት ርዮካኖች በ2010ዎቹ መጨረሻ ከ40 ሺህ በታች ወርደዋል። ከምክንያቶቹ መካከል የዚያ ዓይነቱ የቡድን ጉዞ መቅረትና ቤቱን የሚረከብ ልጅ መጥፋት ይገኙበታል። ጸሐፊው ተራራ ላይ ያገኙት ማደሪያ፣ ከገለጻቸው እንደምረዳው፣ የዚያ ዘመን ትራፊ ነው። ትንንሾቹንና ሩቅ ያሉትን ፍል ውሃዎች ለመጠበቅ የተሰባሰቡ ባለቤቶች ግን ከ1975 ጀምሮ የራሳቸው ማኅበር አላቸው። ክልላዊ ምግብ የሚፈልግ ሰው ማየት ያለበት እንዲህ ያሉትን ነው።

እኔ የነበርሁበትን አካባቢ ልውሰድ። ከካናዛዋ ወደ ሰሜን ባሕር ውስጥ ገብቶ የተዘረጋ የኖቶ ልሳነ ምድር አለ። የኖቶ ሴቶች የስኩዊድን (ባለ ብዙ ክንድ የባሕር እንስሳ) ሆድ ዕቃ በጨው ደፍነው በበርሜል ከዓመት በላይ ያብላሉታል፤ «ኢሺሪ» የሚባል ጥቁር ፈሳሽ ይወጣዋል። ቤተሰብ በሚያስተዳድረው ባለ አምስት ክፍል ማደሪያ ውስጥ፣ ትንሽ ምድጃ ላይ በተጣደ ስካሎፕ የሚባል የባሕር እንስሳ ቅርፊት ውስጥ ኢሺሪው ሲፈላ፣ ኤግፕላንትና ስኩዊድ ሲገቡበት አይቻለሁ። ሽታው መጀመሪያ ያስፈራል። ከቀመሱት በኋላ ግን የአኩሪ አተር ሶስ ብቻውን ቀላል ይሆንብዎታል። በጃንዋሪ 1 ቀን 2024 መጠኑ 7.6 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ኖቶን ሲመታ፣ በዋኩራ ኦንሰን (ኦንሰን ፍል ውሃ ማለት ነው) ያሉ ትልልቅ ማደሪያዎች ተጎድተው ተዘጉ። በዚያን ዕለት ሕንፃዎቹ ብቻ አልነበሩም በሐሳቤ የመጡት፤ በየጓሮው የነበሩት የኢሺሪ በርሜሎችም ነበሩ።

ከካናዛዋ ወደ ደቡብ ደግሞ የካጋ ፍል ውሃዎች አሉ። እዚያ የሚቀርበው «ጂቡኒ» ነው፤ ዳክዬ ዱቄት ተነስንሶበት መረቁ እስኪወፍር ይበስላል፣ ከላይ ዋሳቢ ይደረግበታል። የሚቀርብበት ጎድጓዳ ሳህን የያማናካ እንጨት ሠሪዎች ያሾሩት፣ ላከር የተቀባ ነው፤ ዓሣው የሚቀመጥበት ሸክላ የኩታኒ ነው። ሸክላ ሠሪውና ምግብ አዋቂው ኪታኦጂ ሮሳንጂን ሸክላን የተማረው እዚያው ያማሺሮ ኦንሰን ውስጥ ነበር፤ በኋላም ለምግቡ የሚሆነውን ዕቃ ራሱ የሚሠራ ሰው ሆነ።

ከዚያ ተራራውን ተሻግረው ሂዳ ይግቡ። ባሕር የለም። ድሮ የቶያማ ባሕረ ሰላጤ ቡሪ የተባለው ዓሣ በጨው ታሽቶ፣ በሰው ጀርባና በበሬ ተጭኖ፣ በበረዶ መንገድ ታካያማ ይደርስ ነበር፤ ከዚያም አልፎ ወደ ሺንሹ (የዛሬው ናጋኖ) ይሻገራል። መንገዱ እስከ ዛሬ የቡሪ መንገድ ይባላል። የተራራው ሰው ዓሣ ብርቁ ስለነበር ሌላ ጥበብ አበጀ። የደረቀ ትልቅ የማግኖሊያ ቅጠል ፍም ላይ ዘርግቶ፣ ሚሶ ቀብቶበት፣ እንጉዳይና ሽንኩርት ጨምሮ ከቅጠሉ ላይ እያነሣ ከሩዝ ጋር ይበላል። ቅጠሉ ሲግል የሚሰጠው ጠረን፣ ዳቦ በኮባ ሲጋገር ላደገ ሰው ባዕድ አይደለም። ከዚያ በላይ ወደ ሰሜን፣ አኪታ፣ በክረምት (የጃፓን ክረምት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው የበረዶ ወቅት ነው) ፀሐይ ስለማትበቃ ዳይኮን የሚባለውን ረጅም ነጭ ፍጁል ውጪ ማድረቅ አይቻልም። ስለዚህ ከቤት ውስጥ ምድጃ በላይ ሰቅለው በጭስ ያደርቁትና በሩዝ ፍሩሽካ ያብላሉታል። እኔ ስቀምሰው የታወሰኝ እናቴ በወይራ ያጠነችው የወተት ዕቃ ነው። እዚያው አኪታ፣ ኒዩቶ ኦንሰን፣ የተራራ ቦዬ ተፈጭቶና ተድቦልቡሎ በሚሶ መረቅ የሚበስልበት ድስት ይቀርባል።

ኢሺሪ፣ ጂቡኒ፣ የቅጠል ሚሶ፣ የጭስ ፍጁል፣ የቦዬ ድስት። እነዚህን አንድ ዓይነት የሚል ሰው አልቀመሳቸውም።

«ተርቤ ወጣሁ፣ ሩዝ እንኳ አልሰጡኝም፣ ውጪ ወጥቼ ኑድል ፈለግሁ» የሚለው ቅሬታቸው ከልብ መሆኑ ይታወቃል። ጸሐፊው ማብራሪያም ሰጥተውበታል፦ የምግቡ ስም ካይሴኪ ነው፤ ቃሉ የረኃብን ስሜት ለማስታገሥ መነኮሳት ብብታቸው ውስጥ ከሚያስገቡት የሞቀ ድንጋይ የመጣ ነው፤ ስለዚህ ሲጀመርም የድህነት ምግብ ነው፣ በዚህ ዋጋ መሸጡም ነውር ነው ይላሉ። እዚህ ላይ ሁለት ቃላት ተደበላልቀዋል። ድምፃቸው አንድ ነው፤ አጻጻፋቸው ግን ይለያል። የድንጋዩ ካይሴኪ ከሻይ ሥርዓት በፊት የሚበላው፣ ከ16ኛው መቶ ዘመኑ የሻይ መምህር ከሴን ኖ ሪክዩ ጋር ስሙ የሚነሣው ቁጥብ ማዕድ ነው። በርዮካን በብዛት የሚቀርበው ሌላው ካይሴኪ ደግሞ ትርጉሙ የስብስብ መቀመጫ፣ የግብዣ ማዕድ ነው። የሁለቱ ቅደም ተከተል እንኳ የተገለበጠ ነው። በሻይው ማዕድ ሩዝና ሾርባ መጀመሪያ ይመጣሉ። በግብዣው ማዕድ መጠጡና መክሰሱ ይቀድማሉ፤ ጥሬው፣ የተቀቀለው፣ የተጠበሰው በተራ ይከተላሉ፤ ሩዙ ከሚሶ ሾርባና ከጨው ከተቀመጠ አትክልት ጋር መጨረሻ ይደርሳል። ጸሐፊው ስድስተኛው ሳህን ከተነሣ በኋላ መውጣታቸውን ራሳቸው ጽፈዋል። ሩዙ ገና ነበር። ሩዝ ሲመጣ ደግሞ በአንዲት ጎድጓዳ አይቆምም፤ «ኦካዋሪ» ካሉ ይጨመራል። እኔ ሦስት ጊዜ አስጨምሬ አስተናጋጇ በደስታ ያመጣችበትን ቀን አስታውሳለሁ።

አሁን ሰዓቱና «ምርጫ የለም፣ ሜኑ አይሰጡም» የተባለው ጉዳይ። እኔን ብዕር ያስነሣኝ ይህ ነው፤ ጸሐፊው ጉድለት ያሉት ነገር ለእኔ የርዮካን ልቡ ነውና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ይገባሉ። ኦካሚ የምትባለው የቤቱ እመቤት ደጅ ላይ ትቀበልዎታለች። ሻይና ጣፋጭ ይቀርባል፤ ዩካታ የተባለውን ቀላል የጥጥ ቀሚስ ለብሰው ፍል ውሃ ይገባሉ። እራት ከምሽቱ 12 ወይም 12 ሰዓት ተኩል ነው። ሰዓቱ የጠበቀው ለቅጣት አይደለም። ዓሣው ፍም ላይ የሚወጣው እርስዎ የቀደመውን ሳህን በሚጨርሱበት ደቂቃ ተሰልቶ ነው፤ እርስዎ እራት ላይ ሳሉ ፉቶን የሚባለው የወለል ፍራሽ ይነጠፋል፤ ኩሽናው ውስጥ ያለው ሰው ነገ ሌሊት ገበያ ለመድረስ ቀድሞ መተኛት አለበት። ምግቡን የሚመርጠው ደግሞ ዛሬ ጠዋት ወደቡ ላይ የወረደው፣ ተራራው ላይ የበቀለው ነው። በሚያዝያ የተራራ ቡቃያና የቀርከሃ ጫፍ፣ በበጋቸው (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) አዩ የተባለው የወንዝ ዓሣ፣ በመከር እንጉዳይ፣ በክረምት ቡሪና ሸርጣን። ሜኑ ከሌላ ቦታ የመጣ ዕቃ ይጠይቃል፤ ማቀዝቀዣ ይጠይቃል። እንግዳው ሁሉ የፈለገውን የሚያዝ ቢሆን ኖሮ ያ ተራራ ላይ ያገኙት ቱና በየቤቱ ይኖር ነበር። ጸሐፊው በአንቀጽ ሦስት ምግቡ ሁሉ ተመሳሳይ ነው ብለው በአንቀጽ አምስት ምርጫ የለም ማለታቸው እርስ በርሱ ይጋጫል። ምርጫውን ለወቅቱና ለቦታው የተወው ቤት ነው ከሌላው የሚለየው።

እኛስ ቤት እንግዳ ሲመጣ ምን ይሠራልህ ተብሎ ይጠየቃል? ያለው ይቀርባል፤ እንግዳም በቀረበለት የቤቱን ደግነት ያውቃል።

አንድ ነገር ግን ልክ ናቸው። አንድ ቦታ ሳምንት ለሚሰነብት ሰው በየምሽቱ አሥር ሳህን ይከብዳል። የጃፓን የቱሪዝም ባለሥልጣናትም በቅርብ ዓመታት ማደሪያዎች አዳርንና ምግብን ለይተው እንዲሸጡ ሲያበረታቱ ቆይተዋል። ቁርስ ብቻ ወይም አዳር ብቻ የሚሰጡ ቤቶች አሉና ለረጅም ቆይታ እነሱን መያዝ ይሻላል።

ስለ ጾም ያሉትን በጥንቃቄ ነው ያነበብሁት፤ እኔም ጾመኛ ነኝና። ተራ ርዮካን ውስጥ አትክልት የሚመስለው ሁሉ ጾም አይደለም፤ መረቁ በአብዛኛው ደርቆ ከተፈቀፈቀ ቦኒቶ ዓሣ ይወጣል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥ ሳልገባ፣ የማይበላ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። እኔ አንድ ዓርብ ሳልናገር ሄጄ አስተናጋጇን አስጨንቄያታለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ዕቃው የሚገዛው አስቀድሞ ስለሆነ መናገር ያለብን ክፍል ስንይዝ ነው።

ግን «ጾመኛ በጃፓን ማደሪያ የሚበላው የለም» ማለት ኮያ ተራራን አለማወቅ ነው። ዋካያማ ውስጥ፣ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ኩካይ የተባለው መነኩሴ ከ816 ጀምሮ ያቋቋመው የገዳማት ከተማ ነው። ከ117ቱ ገዳማት 50 የሚሆኑት እንግዳ ያሳድራሉ። የሚያቀርቡት «ሾጂን» የሚባለውን ምግብ ነው፤ ሥጋ የለም፣ ዓሣ የለም፣ እንቁላልና ወተት የለም፣ ነጭና ቀይ ሽንኩርት እንኳ የለም። መረቁ ከኮንቡ የባሕር ቅጠልና ከደረቀ እንጉዳይ ይወጣል። ሰሊጥ ተፈጭቶ ከኩዙ ሥር ዱቄት ጋር እየተማሰለ የሚረጋ «ጎማ ዶፉ» አለ፤ የሰሊጥ ፍትፍት ለሚያውቅ ሰው ወዳጅ ምግብ ነው። ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋው ቶፉ በተራራው የክረምት ብርድ ሌሊት ውጪ አድሮ፣ በረዶ ሆኖ፣ ደርቆ የሚዘጋጀው «ኮያ ዶፉ» መረቅ ሲጠጣ እንደ ስፖንጅ ያብጣል። በዐቢይ ጾም አጋማሽ እዚያ አድሬ እንደዚያ ቀን ጠግቤ ጾሜ አላውቅም። የቡድሃ ገዳም መሆኑ የሚከብደው ሰው ይኖራል፤ አከብረዋለሁ። ባደርሁበት ገዳም በማለዳ ጸሎታቸው ላይ መገኘት ግዴታ አልነበረም፤ እኔም ክፍሌ ሆኜ የራሴን ደገምሁ።

ለሙስሊም ወገኖቻችን ግን የጸሐፊው ማስጠንቀቂያ በአብዛኛው ትክክል ነው። ሳኬና ሚሪን የተባሉት የሩዝ አልኮሎች ብዙ ወጥ ውስጥ ይገባሉ፤ የገዳሙ ምግብም ቢሆን ከዚህ ነፃ ነው ብሎ መገመት አይቻልም። ሐላል የሚያዘጋጁ ማደሪያዎች እየታዩ ነው፤ ሆኖም በጽሑፍ ጠይቆ መልስ ሳያገኙ መሄድ አልመክርም።

ራቁት መታጠብ የከበዳቸውን በተመለከተ፣ ብዙ ቤቶች በሰዓት የሚከራይ የቤተሰብ መታጠቢያ አላቸው። ግንባሯ ወይም አንገቷ ላይ የመስቀል ንቅሳት ያላት እናት ይዞ የሚሄድ ደግሞ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ንቅሳት የሚከለክሉ ቦታዎች አሉ። የኪኖሳኪ የሕዝብ መታጠቢያዎች ግን አይከለክሉም።

«ለቱሪስት የተዘጋጀ ትርኢት» መባሉ አሳዝኖኛል። ያማናሺ ውስጥ ያለው ኬይዩንካን በ705 የተመሠረተ ሲሆን የዓለማችን ጥንታዊ ሆቴል ተብሎ በጊነስ ተመዝግቧል፤ ካጋ አካባቢ አዋዙ ላይ ያለው ሆሺ ደግሞ በ718 ተመሠረተ። እነዚህ በሮች ሲከፈቱ ዓሣውን ፎቶ የሚያነሣ የውጭ ሰው አልነበረም። የጃፓን ምግብ ባህል በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው በ2013 ነው፤ በዚያው ዓመት፣ አዘርባጃን ባኩ ላይ በተደረገው በዚያው ጉባኤ፣ የእኛ የመስቀል በዓልም ተመዝግቧል። አደባባይ ላይ የውጭ እንግዳ ደመራውን ፎቶ ስላነሣ ደመራው ትርኢት አይሆንም። ባለ አምስት ክፍሉ የኖቶ ማደሪያ ውስጥ ከእኔ ሌላ የነበሩት ከናጎያ የመጡ ሁለት አሮጊት እኅትማማቾች ነበሩ፤ በየዓመቱ ለዚያ ኢሺሪ ይመጡ ነበር።

መጨረሻ ላይ የኪኖሳኪው ሸርጣን። ጸሐፊው «ዝነኛው ሸርጣን ውሃ ውሃ አለኝ» ብለዋል፤ ይህ አንዱ ዓረፍተ ነገር ከሁሉም ይበልጥ ሰው ያሳስታል። በዚያ ባሕር ማትሱባ የሚባለውን የሸርጣን ዓይነት ማጥመድ የሚፈቀደው ከኖቬምበር 6 እስከ መጋቢት ነው። በወቅቱ ሲሆን ከአቅራቢያው ትሱይያማ ወደብ፣ ከየትኛው ጀልባ እንደወረደ የሚናገር ሰማያዊ ምልክት እግሩ ላይ ታስሮ ይመጣል፤ ጥሬው፣ በፍም የተጠበሰው፣ በድስት የተቀቀለው፣ መጨረሻም በመረቁ የተሠራው የሩዝ ገንፎ ይቀርባል። ነሐሴ ላይ የቀረበላቸው የቀዘቀዘ ነበር። ያም የቀረበው ቤቱ ስለመረጠላቸው አይደለም፤ የሸርጣን እራት ብለው፣ ተጨማሪ ከፍለው፣ አስቀድመው ያዘዙት እሳቸው መሆናቸውን ጽሑፋቸው ይናገራል። ምርጫውን ለቤቱ ትተውት ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ ወር ከዚያ ባሕር የሚወጡት ነጩ ስኩዊድና ዐለት ላይ የሚያድገው ትልቁ የበጋ ኦይስተር ይቀርቡላቸው ነበር።